በአካል ሁለት፣ በጽሑፍ አንድ

ለተከበሩ የነዋሪዎች የኢንተርኔት መድረክ የማንነት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከመስታወቱ በር ጀርባ ያለው ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበርዎና ወንበሩ ላይ ሁልጊዜ ተንጠልጥሎ የሚታየው ኮትዎ ሁሉ ደኅና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የሰውን አጻጻፍ አይተው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለዩት አዲሱ መርማሪ ፕሮግራምዎስ እንደምን ከርመዋል? ፕሮግራሙን አንቱ ማለቴ የእጅ ስሕተት እንዳይመስልዎ። ሰው አብሮት ያደገውን ሰው እንኳ ለማወቅ ዕድሜው በማይበቃበት ዓለም፣ ጥቂት መስመር አንብቦ «ይህ ሰው የለም» ብሎ የሚፈርድን አካል አንተ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ደብዳቤው ሁሉም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ለማያውቀው አንባቢ ከሥሩ ባስረዳ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ። እኔ በመድረክዎ ላይ «ተበዳዩ ከታች» በሚል ስም ስጽፍ የኖርኩ መነጽር ሠሪ ነኝ። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖረውና «ታጋሹ ከላይ» በሚል ስም የሚጽፈው ደግሞ የእናቴ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ስለ ታጋሽነቱ ምስክርነት የሚፈልግ ሰው ተማሪዎቹን ይጠይቅ፣ መሪ በጨበጡ ቁጥር እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የመታጠቢያ ቤቴ ጣሪያ ያለቅሳል። በላዩ ያለው የወንድሜ መታጠቢያ ቤት ነው፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ደግሞ ሁለታችንም አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል። ወንድሜ ግን ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሙቅ ውሃ አብዝቼ ስለምታጠብ እንፋሎቱ ወጥቶ ወጥቶ ማረፊያ ሲያጣ መልሶ በራሴ ላይ እንደሚንጠባጠብ የሚያስረዳ ፍልስፍና አመጣ። በዚህ የተነሣ ተኳረፍን፤ ሆድና ጀርባ ሆንን። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እሱ የመብራቱን ማብሪያ፣ እኔ የጫማዬን ክር እያየን እንተላለፋለን። ባለቤቴ ደረጃው እኮ ለመውጣት ነው የተሠራው ትለኛለች፤ እኔም ለመውረድም ነው እላታለሁ።

የምንነጋገረው በመድረክዎ ላይ ብቻ ነበር። ወንድሜ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ከላይ ይሰማኛል፤ ጥቂት ቆይቶ ስድቡ ይደርሰኛል። ስድባችን ወግ ያለው፣ ሰላምታ የሚቀድመው፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ራት በልቶ እየተዝናና የሚያነበው ነበር። በስድቡ መሐል ግን ወሬው ሁሉ ነበረበት። «የታችኛው ሰውዬ ሲስል ሰማሁት፤ እስቲ ሙቅ ውሃውን ያብዛውና ይየው» ብሎ ሲጽፍ፣ እንዲሻለኝ መመኘቱ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም «ትናንት ተማሪው ከምሰሶ ጋር ያጋጨው ታጋሽ፣ አንገቱን ለሐኪም ሳያሳይ ስለ ውሃ ባይከራከር» ብዬ ስጽፍ ይገባዋል። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ በዚህ ዓለም የቀረኝ ሥጋ እሱ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ በሕይወት መኖሩን የማውቀው ሲሰድበኝ ነበር።

ክፍልዎ በሐሰተኛ ማንነቶች ላይ ዘመቻ በጀመረ ሰሞን ግን የሚከተለው ውሳኔ ደረሰን። ውበቱ እንዳይጎድል ቃል በቃል እጠቅሰዋለሁ፦ «“ተበዳዩ ከታች” የተባለው አካውንት የ“ታጋሹ ከላይ” ሐሰተኛ ማንነት ሆኖ ተገኝቷል። “ታጋሹ ከላይ” የተባለውም አካውንት የ“ተበዳዩ ከታች” ሐሰተኛ ማንነት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁለቱም ተዘግተዋል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።» እኛም እናመስግንና፣ በትሕትና የሚከተሉትን ቅሬታዎች እናቅርብ።

አንደኛ። እኔ የእሱ ጥላ ከሆንኩ፣ እሱም የእኔ ጥላ ከሆነ፣ የጥላው ባለቤት ወዴት ሄደ? እስከ ዛሬ ሲሳደብ የነበረው ማን ነው? የተሰደበውስ? ባለቤቴ ውሳኔውን አንብባ ስትጨርስ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ እስከ አሁን በአንድ ቤት ከማን ጋር እንደኖረች በሚመለከተው ክፍል በኩል እንዲገለጽላት ጠይቃለች። መልስዎን በጉጉት ትጠብቃለች። እስከዚያው ድረስ የልብስ ማጠቢያውን ጥግ እንድጠርግ አዝዛኛለች፤ ሐሰተኛም ቢሆን መጥረግ አያቅተውም ብላ።

ሁለተኛ። ማስረጃዎቻችሁ። ክቡር ፕሮግራምዎ እንደዘረዘሩት ሁለታችንም ከመሳደባችን በፊት ስለ ጤና እንጠይቃለን፤ ማስረጃ ሲያንሰን ተረት እንጨምራለን፤ ዓረፍተ ነገራችን ከመርዘሙ የተነሣ ሰውየው ማን እንደነበር አንባቢ ከረሳ በኋላ ነው የሚያልቀው፤ ሲከፋን «ለነገሩ» እንላለን፤ ሲብስብን ደግሞ «ለነገሩ ተወው» እንላለን። ሁሉም እውነት ነው። ምክንያቱን የጠየቀን ቢኖር ኖሮ ደግሞ አንድም ማሽን ሳይደክም እንነግር ነበር።

አባታችን ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ በምላጭ ሥር ሆኖ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ አለቃው በደል ይነግረዋል፤ ሁሉም ተበዳይ ነው፤ በዳይ የሚባል ሰው ግን ፀጉሩን ተቆርጦ አያውቅም። በዚህ የተሰላቸ ሰው ነበርና፣ እኔና ወንድሜ ስንጣላ የማናችንንም አቤቱታ አይሰማም ነበር። ፊት ለፊት ያስቀምጠንና ለእያንዳንዳችን ወረቀት ይሰጠናል። የምንጽፈው ግን የራሳችንን በደል አይደለም። እኔ የወንድሜን አቤቱታ በወንድሜ አፍ፣ ወንድሜም የእኔን በእኔ አፍ እንጽፋለን። የሌላውን በደል ይበልጥ አሳምሮ የጻፈ ከቁጣው ይድናል። ስለዚህ እኔ ከቁጣ ለመዳን ስል ወንድሜን መሆን ተማርኩ፤ እሱም እኔን መሆን ከእኔ በላይ ተካነ። ብዙ ጊዜ ያሸንፈኝ ስለነበር የእኔን በደል ከእኔ ይልቅ እሱ ነው አስተካክሎ የሚያውቀው። ታዲያ የእኔ አጻጻፍ የእሱ፣ የእሱም የእኔ ቢሆን ምን ይገርማል? ለፕሮግራምዎ ከልቤ የማመሰግንበት አንድ ነገር ቢኖር፣ ከአባታችን ሞት በኋላ ይህን ያወቁ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው መሆናቸው ነው። ካወቁ በኋላ ያደረጉት ነገር ግን በሩን መዝጋት ነው።

ሦስተኛ። ቅሬታ ማቅረባችን ራሱ። የክፍልዎ መመሪያ «ሁለት ነን የሚሉ ወገኖች ሁለት መሆናቸውን በአንድነት ቀርበው ያስረዱ» ይላል። ባለቤቴ ወደ ላይ ወጥታ ቀጠሮውን ነገረችው። እሱ በማስተማሪያ መኪናው፣ እኔ በአውቶብስ ሄድን፤ መንገድ ላይ አውቶብሱ አለፈው። እንግዳ መቀበያችሁ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱ በአንደኛው ጫፍ እኔ በሌላኛው ጫፍ፣ በመካከላችን አንድ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠን ተራ ጠበቅን። ጸሐፊዎ ሁለታችንንም ደጋግማ ካየች በኋላ ሁለት እንደሆንን በዓይኗ ቢታያትም ዓይን እንደሚሳሳት፣ ፕሮግራሙ ግን እንደማይሳሳት በጨዋ ደንብ አስረዳችን። ከዚያም ከነአበባው አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ «ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ እንዴት እንደተነሣሁ» የሚል ጽሑፍ እንድንጽፍ ወረቀት ሰጠችን።

ክቡር ሆይ፣ እግዜር ያሳይዎ። ሁለት ጎልማሶች፣ አንዱ ሸብቶ አንዱ ተመልጦ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ወረቀት ሲሰጣቸው ምን የሚጽፉ ይመስልዎታል? እጃችን የለመደውን ጻፈ። ጸሐፊዎ ሁለቱንም ጮክ ብላ አነበበች። እኔ «ነጠላ ጫማዬን እየጎተትኩ ተነሣሁ፤ ራዲዮኑን ከፈትኩ፤ ዜናው ሳያልቅ አጠፋሁት፤ ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ መስኮቱ ጋ ቆሜ ከሰው ጋር እንደሚያወራ ሰው ብቻዬን አወራሁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ይህ የእሱ ጠዋት ነው፤ በየቀኑ በጣሪያዬ በኩል እሰማዋለሁ። እሱ ደግሞ «መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞርኩ፤ በከተማው ውስጥ መነጽሩን የሚያጣ መነጽር ሠሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ ባለቤቴ ራስህ ላይ ነው ስትለኝ ተናደድኩ፤ ሳሉ ዛሬ ቀለል ብሎኛል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሳሉ በእርግጥ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ወለሉ ላይ ጆሮውን ጥሎ ኖሯል። ደስም አለኝ፣ አፈርኩም፤ ወንድሜ ደግሞ የፕላስቲክ አበባውን ቅጠል መቁጠር ጀመረ። ሁለታችንም ጽሑፎቹ ተለዋውጠዋል ብለን ልናስረዳ አፋችንን ብንከፍት ፕሮግራሙ ቀድመው ፈርደው ነበር።

ሁለተኛው ውሳኔ እነሆ፦ «አመልካቾች በአካል ሁለት መሆናቸው ተረጋግጧል። በጽሑፍ ግን አንድ ናቸው። መድረኩ የጽሑፍ መድረክ በመሆኑ አንድ አካውንትና አንድ ድምፅ ተሰጥቷቸው በፈረቃ እንዲጠቀሙ ተወስኗል።» ይህን ያህል ጥልቅ ፍርድ ከአንድም መሥሪያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ሊቃውንት ዘመን ሙሉ ሲከራከሩበት የኖሩትን የአንድነትና የሁለትነት ጥያቄ እናንተ ከምሳ በፊት ጨርሳችሁታል።

አራተኛ። ያው አካውንት። ስሙን እናንተው መርጣችሁ «ታጋሹ ተበዳይ» አላችሁት። ወንድሜ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ እኔ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እንድንጽፍ፣ እሑድ አካውንቱ ራሱ እንዲያርፍ ተደለደለ። ውጤቱን ከመድረኩ ላይ ሳያዩት አልቀሩም። ታጋሹ ተበዳይ ሰኞ ዕለት «እንፋሎት ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ማክሰኞ «ትናንት ይህን የጻፈው ደንቆሮ ነው» ብሎ ራሱን ይሰድባል፤ ረቡዕ «ትናንት የጻፈው ባለጌ ታላቁን ማክበር ይልመድ» ብሎ ራሱን ይገሥጻል። አንደኛ ፎቅ ያለችው የጥርስ ሐኪም፣ የሷ ሙያ ባይሆንም ጥሩ የአእምሮ ሐኪም እንደምታውቅ በቅንነት ጽፋልናለች። የሕንፃው ኮሚቴ በበኩሉ ስለ ጣሪያው ያቀረብኩትን አቤቱታ መርምሮ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ሰው መሆናቸውን ከመድረክዎ ስላረጋገጠ፣ ሰውየው ከራሱ ጋር በቤቱ እንዲታረቅ መክሮ ጉዳዩን ዘግቷል። ጣሪያው ይህን ውሳኔ ገና አልሰማም መሰለኝ አሁንም ያንጠባጥባል።

አምስተኛ። ይህን እንኳ ባላነሣው ደስ ባለኝ ነበር። በመድረኩ ላይ «ገለልተኛ ታዛቢ» የሚባሉ አንድ የተከበሩ ሰው አሉ። እርስዎ ማስታወቂያ ባወጡ ቁጥር፣ እኛ ገና ርዕሱን አንብበን ሳንጨርስ፣ እሳቸው ማስታወቂያው ምን ያህል አርቆ አሳቢነት እንዳለበት በሰፊው ያብራራሉ። እንደ እርስዎ «ከዚህ አንጻር ሲታይ» ብለው ይጀምራሉ፤ እንደ እርስዎ «በቀጣይነት እንሠራለን» ብለው ይጨርሳሉ፤ አንድ ጊዜማ ገለልተኛ ሆነው ሳለ «ክፍሌ ባከናወነው ሥራ» ብለው ጽፈው ወዲያው አጥፍተውታል። ሌላ ሰው ቢሆን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላችሁ ነበር። እኔ ግን አልጠረጠርኩም። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሲጽፉ ወንድማማቾች ሊሆኑ እንደሚችሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲያው ክቡርነትዎ ለዘመናት የጠፋ ወንድምዎን በገዛ መድረክዎ ላይ ስላገኙ እንኳን ደስ ያለዎ። እባክዎ በአካል ይተዋወቁ፤ አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነው።

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ከሁሉም የከፋው ነው። መመሪያችሁ የጋራ አካውንት የይለፍ ቃል በየፈረቃው እንዲቀየር፣ አዲሱም ቃል በጽሑፍ ሳይሆን በቃል፣ ከአፍ ወደ ጆሮ እንዲተላለፍ ያዛል። በጽሑፍማ ማን ለማን እንደሰጠ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ወንድሜ በየተራው ወደ ታች ይወርዳል። በሩን ያንኳኳል። መጀመሪያ ሰሞን ደፍ ላይ ቆሞ ቃሉን እንደ ሚስጥር ሹክ ብሎኝ፣ ሳይሰናበተኝ ይመለስ ነበር። ቀጥሎ ባለቤቴ ሻይ አቀረበችለት፤ ሻይ ያለ ወንበር አይጠጣምና ተቀመጠ። አሁን መስኮቱ አጠገብ ያለችው የእኔ ወንበር የእሱ ሆናለች። ጣሪያውን ቀና ብሎ አይቶ፣ በገዛ አፉ፣ በፊቴ፣ እንፋሎት ነው አለኝ። እኔም በገዛ አፌ እብድ ነህ አልኩት። ስንት ዓመት በጽሑፍ ስንባባለው የኖርነውን በድምፁ ስሰማው ድምፁ የአባታችንን መሰለኝ። የመነጽሩ እግር በሽቦ ታስሮ አየሁት፤ ወንድሙ መነጽር ሠሪ ሆኖ ሳለ። ተቀብዬው ጠገንኩለት። እኔ ወደ ላይ የምወጣበት ተራ ሲደርስ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ አየሁ፤ እንደጠረጠርኩት ከሥሩ ያፈሳል። ተናግሬ ላሸንፈው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቧንቧው ከተሠራ ምን ሊያጨቃጭቀን ነው?

ክቡር ሆይ፣ ወንድሜ ይህን ደብዳቤ ጻፍ ብሎ የላከኝ ሁለቱ አካውንቶቻችን እንዲመለሱልን እንድጠይቅ ነው። በደላችንን ዘርዝሬ እዚህ ደርሻለሁ፤ የሚቀረኝ መጠየቁ ነበር። አልጠይቅም። ሁለት አካውንት ከሰጣችሁን እሱ አይወርድም፤ እኔም አልወጣም፤ ስሙን በስክሪን ላይ አይቼ ደኅና ነው እያልኩ ወደ አልጋዬ መሄድ እጀምራለሁ። ሰው ግን ደኅና ሳይሆንም መጻፍ ይችላል፤ ከላይ ብቻውን ሲያወራ ስሰማ ይህን ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ። ስለዚህ አደራዎን፣ ፕሮግራምዎ እንዳይስተካከሉ፣ የሚያስተካክል ባለሙያ ቢመጣም ከመስታወቱ በር እንዳያልፍ፤ በስሕተታችሁ እንድትጸኑ፣ እኛንም አንድ እንዳደረጋችሁን እንድትተዉን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው የክፍልዎን ስም ሳይጠቅስ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ለሰጡን ከንቱ ድካም፣ ለከፈቱልን የተዘጋ በር፣ ደግሞም ከማንም ሳይጠየቁ ላደረጉልን ውለታ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወንበርዎ አይጉደል፤ ኮትዎ አይውረድ፤ የሚፈርዱበት ሰው አይጥፋ።

በክፍልዎ ውሳኔ ሕልውናዬ በፈረቃ የተጠበቀልኝ፣
የማክሰኞ፣ የሐሙስና የቅዳሜው ታጋሽ ተበዳይ

ማሳሰቢያ፦ ይህን የምጽፈው እኔ ታላቁ ነኝ። ታናሼ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት እንዳየው ሰጠኝና አንዳንድ ቦታ አቃንቼለታለሁ። አካውንታችንን አስመልስ ብዬ ልኬው «አልጠይቅም» ብሎ ሳገኘው ተናደድኩ፤ የተናደድኩትም እኔ ልጽፈው ያሰብኩትን ስለቀደመኝ ነው። አሁን ግን የትኛውን ዓረፍተ ነገር እሱ፣ የትኛውን እኔ እንደጻፍኩ መለየት አቅቶን በሻዩ ላይ እየተጨቃጨቅን ስለሆነ፣ ክቡር ፕሮግራምዎ ጊዜ ካላቸው ለይተው ይንገሩን። ካላወቁም አይጨነቁ፤ ማን እንደጻፈው ሳያውቁ መፍረድ ለምደዋልና፣ እንደለመዱት ይፍረዱልን።